ለሰማዕቱ ያዋስኩት ፊት

ጃንዋሪ 6፣ ሶናርገንጅ

ካህኑ ለመልካም ጅማሬ የሚሰበረው ኮኮናት ከሦስት ሰዓት ከአሥራ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ከሃያ ባለው ጊዜ ካልተሰበረ ፊልሙ አይባረክም አሉ። ዳይሬክተራችን ላሂሪ፣ ሁላችንም ዳዳ፣ ታላቅ ወንድም፣ የምንለው፣ አምስት ጊዜ ከድንጋይ ጋር አጋጨው። ንቅንቅ የለም። በስድስተኛው ከእጁ አምልጦ የካሜራ ባለሙያውን ጉልበት መታ። አንድ ደቂቃ ሲቀር የኮሌጁ ዘበኛ ቢፋን የበሩን ጓጉንቸር ይዞ መጣና አንድ ጊዜ ቢለው ለሁለት ተከፈለ።

"አያችሁ! አብዮት የሚጀመረው በዘበኛ እጅ ነው!" ብሎ ዳዳ አስጨበጨበን። የካሜራ ባለሙያው መሬት ላይ ቁጭ እንዳለ አጨበጨበ።

ፊልሙ "የበሩ ልጆች" ይባላል። አንድ የኮሌጅ በር፣ ሦስት ዘመን ተማሪ። እንግሊዞችን የተጋፈጡት የ1942ቶቹ፣ መንግሥትን የተጋፈጡት የ1974ቶቹ፣ ስልካቸውን የሚጋፈጡት የዛሬዎቹ። ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። እኔ የቁሳቁስ ኃላፊ ነኝ። ከፖሊስ ዱላ እስከ ሻይ ብርጭቆ የሚጠየቀው ከእኔ ነው።

አባቴ እዚሁ ኮሌጅ ነው የተማሩት። በ1974 ሦስተኛ ዓመት ነበሩ። ከቤታችን በባቡር ሦስት ሰዓት ነው፤ ግን ከዚያ ወዲህ እግራቸው ረግጦት አያውቅም። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። የፖስታ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ቴምብር ካልለጠፍክበት ወሬ አያደርሱም።

ጃንዋሪ 8

ዳዳ ማምሻውን ጠራኝ።

"ኒርባይ፣ ለነገ ጠዋት ፊት አምጣልኝ።"

"የማን ፊት?"

"የ1942ቱ ሰማዕት የማዳን ኪሾር። አዳራሹ ውስጥ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ እፈልጋለሁ።"

"ዳዳ፣ ማዳን ኪሾርን እኮ የፈጠሩት እርስዎ ነዎት።"

"ፊት የሌለውስ ለዚህ አይደል!"

እውነቱን ነው። ዳዳ ያገኘው በአንድ የድሮ የፖሊስ መዝገብ ላይ የተጻፈች አንዲት መስመር ናት፤ "ስሙ ያልታወቀ ተማሪ በኮሌጁ በር ላይ ተመትቶ ሞተ" የምትል። ስሙን፣ እናቱን፣ ፍቅረኛውንና የመጨረሻ ንግግሩን የጨመረው ዳዳ ነው። ከተዋናዮቹ አንዱን ፎቶ እናንሳ ስለው፣ "ክብደት ሲያነሳ የኖረ ሰማዕት የት አይተሃል?" አለኝ።

ኪሴ ውስጥ የአባቴ የተማሪነት መታወቂያ ፎቶ ነበረ። ለምን ይዤው እንደምዞር አላስታውስም፤ ለሆነ ፎርም ይሆናል። ቀጭን ልጅ፣ ወደ ውጭ የተዘረጉ ጆሮዎች፣ አሁን ይቆጡኛል ብሎ የሚጠብቅ ዓይን። የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠዓሊው ጉልሻን ፎቶውን አሳድጎ፣ ክራባቱን በቀለም አጥፍቶ፣ በሻይ ነክሮ አስረጀው። ከዚያ እኔ ሰቅዬው ቢጫ የአበባ ጉንጉን አንጠለጠልኩበት። ሳንጠለጥል እጄ ተንቀጠቀጠ። ብርድ ነው። ጃንዋሪ ነው።

የሟች እናቴ ፎቶ ቤታችን ግድግዳ ላይ ጉንጉን ካደረገ ስድስት ዓመቱ። ከጎኗ አባቴ ራሳቸው የመቱት ባዶ ሚስማር አለ። "የእኔ ቦታ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ መዶሻ ፍለጋ እንዳትንከራተት" ብለውኛል። እናቴ ደግሞ በሕይወት ባለ ሰው ፎቶ ላይ ጉንጉን ማድረግ ሞቱን ስሙን ጠርቶ ማምጣት ነው ትል ነበር። እናቴ ብዙ ነገር ትል ነበር።

ጃንዋሪ 9

አባቴ እንደ ሁልጊዜው ልክ አንድ ሰዓት ላይ ደወሉ።

"በላህ?"

"በልቻለሁ ባቡጂ። እርስዎስ?"

ሳሉ። አራት ጊዜ። ቀድሞ ይስሉ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ቀረጻው ሲያልቅ ጉንጉኑን አወርደዋለሁ። ሦስት ቀን ነው።

ጃንዋሪ 13

ፖሊስ የሚሆንልን ጠፋ። የኮሌጁ ሁለት የተማሪ ማኅበራት ልጆቻቸውን ለአጃቢ ተዋናይነት ሊሰጡን ተስማምተዋል፤ ግን ሁሉም ሰማዕት እንጂ ፖሊስ መሆን አይፈልግም። የአንደኛው መሪ ቻንደን፣ ጮክ ብሎ ካልተናገረ ያልተናገረ የሚመስለው ልጅ፣ "ማኅበሬ ለእንግሊዝ አይላላክም!" አለ። የሌላኛው መሪ ሩክሳር፣ ቀስ ብላ የምትናገር የታሪክ ተማሪ፣ "እነሱ ካልተላላኩ እኛም አንላላክም" አለች። በዚህ ብቻ ተስማሙ።

ዳዳ እውነተኛ ፖሊሶችን በዕረፍት ቀናቸው አስመጣ። ዩኒፎርሙ ልክ ሆነላቸው፣ ዱላውንም ለመዱት። ቀረጻ ሲባል ግን ድንጋይ ሆነው ቆሙ።

"ምታው እንጂ!" አለ ዳዳ።

"አንችልም ጌታዬ" አለ አለቃቸው። "ባለፈው ዓመት ተማሪ ደበደባችሁ ተብለን ተከሰናል። ምርመራው እስኪያልቅ ተማሪ እንዳትነኩ ብሎናል ጠበቃችን።"

"ይሄ እኮ ፊልም ነው!"

"ተማሪዎቹ ግን ተማሪዎች ናቸው።"

በመጨረሻ ተማሪዎቹ ራሳቸው እየሮጡ መጥተው ዱላው ላይ እንዲጋጩ ተደረገ። ጥሩ ወጣ አሉ።

ጃንዋሪ 17

የአዳራሹ ቀረጻ ካለቀ አምስት ቀኑ። ፎቶውን ላወርድ ብሄድ ቢፋን ከፊቱ ቆሞ አገኘሁት። ትኩስ አበባ ለውጦለታል። ያደረውን አበባ ደግሞ ወደ ወንዝ ሊወስድ ለብቻው ቋጥሮታል፤ ለእውነተኛ ሙት እንደሚደረገው።

"ቢፋን፣ ይሄ የእኛ ንብረት ነው።"

"ሰማዕት የማንም ንብረት አይደለም" አለኝ። ይህን ያስተማረው ዳዳ ነው።

ወደ ዲኑ ሄድኩ። ዲኑ አላውቅም ማለት የማያውቁ ሰው ናቸው። "ማዳን ኪሾር? የኮሌጃችን ልጅ እኮ ነው! ፎቶው ከዚያ የትም አይሄድም" አሉኝ። በዚያው የመታሰቢያው ቀን መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። የቀረጻውን ሰሌዳ አየሁ፤ የሞቱ ትዕይንት ፌብሩዋሪ 11 ነው የሚቀረጸው። ፌብሩዋሪ 11 አልኳቸው። አፌን በቆረጠው።

የአባቴ ሳል፤ ስድስት።

ጃንዋሪ 20

ዳዳ የ1974ቱን ክፍል ሙሉ በሙሉ ቆረጠው። "ረዘመ። ደግሞስ ማን ያስታውሰዋል?" አለ። ምንም አልመሰለኝም። ለዚያ ክፍል ያሠራኋቸውን ባነሮች አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኳቸው።

ዛሬ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። የምሕንድስና ትምህርቴን ጥዬ ወደ ፊልም ስገባ አባቴ አልጮሁም፣ አልተቆጡም። ዝም ስላሉ ተናደድኩና፣ "ባቡጂ፣ እርስዎ በሕይወትዎ አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብለው ያውቃሉ?" አልኳቸው። ሻያቸውን ጨርሰው ብርጭቆውን አጠቡ። ስሜን ኒርባይ፣ የማይፈራ፣ ብለው ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ስም ማውጣት ቀላል ነው።

ያንን ባልል ጥሩ ነበር። ብቻ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ጃንዋሪ 22

ጉድ ፈላ። "የሰማዕቱ ዘሩ ምንድን ነው?" የሚል ጥያቄ ተነሣ። ማዳን ኪሾር የሚለው ስም ዘር አይናገርም፤ ዳዳ ሆን ብሎ ነው እንዲህ ያደረገው፣ ማንም እንዳይቀየም። አሁን ሁሉም ተቀይሟል። በሁለት ቀን ውስጥ አራት የዘር ማኅበራት የእኛ ልጅ ነው ብለው ደብዳቤ አስገቡ። አንደኛው ማስረጃው ጆሮው ነው። "ይሄ ጆሮ የእኛ ወገን ጆሮ ነው" ብለው አራት ሽማግሌ ከነጆሯቸው አሰለፉ። የዘጠና ዓመቱ ጃግዴቭ ደግሞ ከማዳን ኪሾር ጋር ዘይቱን ሰርቀው እንደበሉ፣ ማዳንም ያልበሰለውን ይወድ እንደነበር መሰከሩ። እያለቀሱ ነው የመሰከሩት። እኔም እንባዬ መጣ።

ጃንዋሪ 25

መላ ዘየድኩ። ጉልሻንን፣ "ሰው እንዳይለየው ጢም ጨምርበት" አልኩት። ወፍራም ጢም ሳለለት። ራቅ ብዬ ሳየው ክው አልኩ። አባቴ ዛሬ ባለ ጢም ናቸው። ድሮ የልጅነታቸው ፎቶ ነበር፣ አሁን ቁርጥ እሳቸው ሆነ።

ስምንት ጊዜ ሳሉ። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ ብላቸው፣ "ብርድ ነው፣ ጃንዋሪ ነው" አሉኝ።

ጃንዋሪ 28

የረሃብ አድማ። ቻንደን በሩ በሰማዕቱ ስም እስኪሰየም አልበላም ብሎ በሩ ላይ ተኛ። ሩክሳርም ለእነሱ ብቻ እንዳይተው ብላ ከበሩ ማዶ ማኅበሯን አስተኛች። ቀረጻ ቆመ። ዳዳ ግን ፊቱ በራ፤ "አልነገርኳችሁም? ፊልሙ ራሱን መሥራት ጀመረ!" ብሎ ካሜራውን ወደ አድመኞቹ አዞረ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ቻንደን በጥቅሻ ጠራኝ።

"ወንድሜ፣ የአጃቢ ተዋናዮች ምሳ ዛሬ የለም እንዴ?"

"አድማ ላይ አይደለህም?"

"አድማው ከካሜራው ፊት ነው እንጂ" አለኝ ቅር ብሎት።

ጃንዋሪ 30

ክፉ ቀን። አድማውን ሊያይ የመጣ ጋዜጠኛ የጻፈው ዜና ወጣ። ፊተኛው ገጽ ላይ የአባቴ ፊት ከነጢሙ፣ ከነጉንጉኑ። አባቴ ይህን ጋዜጣ ከአርዕስቱ እስከ አታሚው ስም ድረስ ነው የሚያነቡት። ጎረቤታቸውን ዲኔሽን በማለዳ ደውዬ ለመንኩት። ጋዜጣውን ከደጃፋቸው ሰረቀልኝ።

ማታ አንድ ሰዓት፤

"በላህ?"

"በልቻለሁ።"

"ጋዜጣዬን ሌባ ወሰደብኝ። በዚህ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ስኖር ጋዜጣ ተሰርቆ አያውቅም። ምን ጉድ ቢጽፉበት ነው?"

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁና ሳሉ። አሥራ አንድ። ዲኔሽን ጋዜጣውን ምን እንዳደረገው አልጠየቅኩትም። ከሄደ ሄደ።

ፌብሩዋሪ 3

በሌሊት ተነሥቼ ጉንጉኑን ላወርድ ሞከርኩ። ሁለቱም ማኅበራት እየተፈራረቁ ይጠብቁታል። ሩክሳር ነበረች ተረኛዋ።

"ምን ፈልገህ ነው?"

"አበባው... ደረቀ ብዬ።"

ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። ጆሮዬን ይመስለኛል ያየችው። "ሂድና ተኛ" አለችኝ።

ፌብሩዋሪ 8

ሁለት ቀን አልደወሉም። እኔ ስደውል አያነሱም። ዲኔሽ፣ "ደህና ናቸው፣ ትናንት ከቆሎ ሻጩ ጋር ሲያወሩ አይቻቸዋለሁ" አለኝ። ታዲያ ለምን አያነሱም? ሥራ ስለበዛ ሄጄ ማየት አልችልም። ሰበብ ነው። ፈርቼ ነው። ብሄድ ምን እላቸዋለሁ?

ፌብሩዋሪ 11

በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው ሁለት ሺህ ተማሪ ሞልቶት ነበር። ዳዳ የመታሰቢያውን በዓል እንዳለ የፊልሙ መዝጊያ ሊያደርገው ሦስት ካሜራ ተክሏል። ዲኑ ግን ተጨንቀዋል፤ ያ የዘይቱን ምስክር ጃግዴቭ ጉንፋን ይዟቸው ቀርተዋል። መድረኩ ላይ ሽማግሌ የለም።

ፎቶው ስር አንድ ሰው ቆሟል። ጆሮ ድረስ የሚሸፍን የሱፍ ኮፍያ፣ አንገት ላይ ሁለት ዙር የተጠመጠመ ሻርፕ። ቀና ብሎ ፎቶውን እያየ አንድ አንድ ፍሬ የሽምብራ ቆሎ ይቆረጥማል። እየተጋፋሁ ደረስኩ።

"ባቡጂ!"

"በላህ?" አሉኝ።

"እዚህ... እንዴት መጡ?"

ቆሎው የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘረጉልኝ። የጃንዋሪ 30 ጋዜጣ ነው። ለካ ዲኔሽ የሰረቀውን ጋዜጣ ለሰፈሩ ቆሎ ሻጭ ሰጥቶት ኖሯል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

"ቆሎውን ሳጋምሰው ራሴን አገኘሁት" አሉ። "ጢም አስደረግህልኝ።"

"ባቡጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ፊት አምጣ ሲሉኝ..."

"ከጢሙ በቀር ደህና ነው። መቼ ሞትኩ?"

"በ1942።"

"ሳልወለድ?" ብለው አሰቡበት። "እሱስ ሳይሻል አይቀርም ነበር።"

ይህን ጊዜ ዲኑ መጡ። ነጭ ጢም ሲያዩ ምስክር ያገኙ ነው የሚመስላቸው። "አባት፣ የዚያን ዘመን ሰው ነዎት? ሰማዕቱን ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ" አሉ አባቴ። ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኩ። ቀስ ብለው እጄን አላቀቁና መድረኩ ላይ ወጡ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቴምብር የመቱ እጆች ድምፅ ማጉያውን ያዙ።

"ይህን ልጅ አውቀዋለሁ። ፊቱን በየጠዋቱ አጥቤዋለሁ።" ተማሪው ሳቀ። "ግን እናንተ እንደምትሉት አይደለም። በ1974 ተማሪዎቹ ወደዚህ በር በወጡ ዕለት ከፊት ሊሰለፍ ቃል ገብቶ ነበር። ከጓደኛው ከሳርጁ ጋር ጨርቅ ላይ መፈክር ሲጽፉ አደሩ። ሲነጋ ይህ ልጅ በኋላ በር ወጥቶ ፈተና ሊፈተን ሄደ። ፈተናውንም አለፈ። ሥራም ያዘ፤ በጊዜው ጡረታ ወጣ።"

ድምፅ ማጉያውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

"ሳርጁ ጨርቁን ብቻውን ያዘው። ያ ጨርቅ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። አንድ ሰው ሲይዘው ፊት ይሸፍናል። ሳርጁ ከፊት የሚመጣበትን አላየም።" ሳሉ። "የሞተው እሱ ነው። ፎቶ አልነበረውም። ለእሱ ያለኝ ይሄ ፊት ብቻ ነው።"

"ቁረጥ!" አለ ዳዳ እያለቀሰ። "ግሩም ነው አባት! አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ፣ ፊትዎን ወደ ብርሃኑ አድርገው!"

ቻንደን ብድግ አለ። "ሰማዕታችንን ፈሪ አለው! ከ1942 አውጥቶ 1974 ውስጥ ከተተው!" ከዚያ ወዲያ የሚሰማ ጠፋ። "ሽማግሌው ይውረድ!" የሚለው ጩኸት ግቢውን ሞላው። ሁለቱ ማኅበራት በወሩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መፈክር አሰሙ።

ወጣሁ። ድምፅ ማጉያውን ያዝኩ። ሥራዬም ፊልሙም ይቅር አልኩ።

"አባቴ ናቸው! ፎቶው የእሳቸው ነው! እኔ ነኝ የሰቀልኩት!"

ሳቁብኝ። ሁለት ሺህ ሰው ሳቀብኝ። ዲኑ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው፣ "ልጄ፣ ወረፋ ያዝ" አሉኝ። "ዘመዱ ነን ያሉ አራት ማኅበራት አሉ። አንተ አምስተኛ ነህ።"

አባቴ ያኔ የሱፍ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከቅርብ የነበሩት ዝም አሉ፣ ከሩቅ ያሉት ጩኸታቸውን ቀጠሉ። ሩክሳር ፎቶውን አየች፣ የአባቴን ጆሮ አየች፣ የእኔን አየች። ወደ ፎቶው ሄዳ ጉንጉኑን አወረደችውና እንደ ሕፃን አቀፈችው።

"አባት፣ ይምጡ በኋላ በር ላውጣዎት" አለቻቸው።

"የኋላውን በር አውቀዋለሁ ልጄ" አሉ። "ዛሬ በዚያኛው ነው።"

ወደ ዋናው በር ፊታቸውን አዞሩ። ሕዝቡ መንገድ አልለቅም አለ። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ዩኒፎርም የለበሱት ፖሊሶቻችን ተያዩ። አለቃቸው፣ "ሽማግሌው ተማሪ አይደሉም፤ ጠበቃችን አይከለክልም" አለና በግራና በቀኝ አሰለፋቸው። አባቴ በ1942 ፖሊሶች ታጅበው፣ በ1974 ያልወጡበትን በር ወጡ። የሆነ ልጅ የለውዝ ቅርፊት ወረወረባቸው። ከትከሻቸው ላይ አራገፉትና መራመዳቸውን ቀጠሉ። ቢፋን ጓጉንቸሩን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሰላምታ ሰጣቸው።

እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። አለቅስ ነበር። ይህንን ነው መጻፍ የፈለግኩት።

ፌብሩዋሪ 16፣ ቤት

ኮሌጁ ሰማዕቱን አልለቅም ስላለ ጉልሻን የማንንም ፊት ሳያይ ሌላ ሳለላቸው። ልዩነቱን ያየ የለም። አራቱ ማኅበራት አሁንም የእኛ ጆሮ ነው ይላሉ። በሩም ማዳን ኪሾር ተብሎ ተሰይሟል። ዳዳ የ1974ቱን ክፍል መለሰው፤ ፊልሙ አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

አሮጌውን ፎቶ ይዤ መጣሁ። ሩክሳር ጉንጉኑንም በጨርቅ ቋጥራ ልካለች። አባቴ የጉልሻንን ጢም በነጭ ጋዝ ጠርገው አጠፉት። ከዚያ ብዕራቸውን አውጥተው በፖስታ ቤት እጅ ጽሑፍ ከሥሩ ጻፉ፤ "ሳርጁ፣ 1974"።

"የአባቱን ስም አይጨምሩም?"

"ይበቃል። ቀሪውን ከጻፍን ደግሞ አምስተኛ ማኅበር ይመጣብናል።"

ፎቶው ትልቅ ነው፣ ለአንድ ሰው ይከብዳል። "ያዘው በዚያ ወገን" አሉኝ። አንሥተን ከእናቴ ጎን፣ እሳቸው በመቱት ሚስማር ላይ ሰቀልነው። ጉንጉኑን ራሳቸው አጠለቁለት። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም።

"ባቡጂ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ ሚስማር ነበር።"

"ለእኔ አንተ ሌላ ትመታለህ።"

"የት?"

"ምን አስቸኮለህ?" አሉና ሻይ ሊያፈሉ ወደ ማድ ቤት ሄዱ።

እዚያ ሆነው ሳሉ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም።